ዘርን ከመዝራት በፊት ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዘራሁት አልበቀለም። ከመዝራቴ በፊት ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መጀመሪያ መለየት ያለበት ዘሩ ሞቷል ወይስ ተኝቷል የሚለው ነው። የሞተ ዘር ቢዘፈዘፍም፣ ቢፋቅም፣ ፍሪጅ ቢገባም አይነሳም። ሕያው ሆኖ የማይበቅል ዘር ግን የያዘው ነገር አለ። ውኃ የማያስገባ ጠጣር ቅርፊት ሊሆን ይችላል። በፍሬው ሥጋ ወይም በቅርፊቱ ውስጥ ያለ፣ ብቅለትን የሚያግድ ንጥረ ነገር ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያለው ሽል ቅዝቃዜ ካላለፈበት የማይነቃ ዓይነት ሊሆን ይችላል። አለዚያም ሙቀቱ ወይም ብርሃኑ አልተስማማውም። የያዘው ነገር ሳይታወቅ የሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው ከንቱ ድካም ነው፦ ቅርፊቱ ጠጣር የሆነውን ዘር ፍሪጅ ውስጥ ወር ቢያቆዩት እንደገባ ይወጣል፤ ቅዝቃዜ የሚሻውን ቢፍቁት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

አብዛኛው የጓሮ አትክልት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ቲማቲም፣ ጎመን፣ ሽንኩርትና ኪያር እርጥበትና ተስማሚ ሙቀት ካገኙ ይበቅላሉ። ቲማቲም የአፈሩ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ለመብቀል 14 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ 25 ዲግሪ ላይ 6 ቀን ይበቃዋል። ቃሪያ በ15 ዲግሪ 25 ቀን፣ በ25 ዲግሪ 8 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ቃሪያ ዘርቶ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ የቆረጠ ሰው መደቡን ከመገልበጡ በፊት የአፈሩን ሙቀት ቢለካ ይሻላል።

ዘሩ ሕያው መሆኑን እንዴት አረጋግጣለሁ?

ከዘሩ ሳይመርጡ 20 ወይም 50 ፍሬ ይቁጠሩ። ትልልቁን ብቻ ከመረጡ ውጤቱ ያታልላል። የወጥ ቤት ወረቀት ወይም ንጹህ ጨርቅ አርጥበው ውኃው እስከማይንጠባጠብ ይጭመቁት፤ ዘሩን እርስ በርስ ሳይነካካ ይደርድሩበት፤ ጠቅልለው አፉ ገርበብ ባለ ላስቲክ ውስጥ ያስቀምጡት። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን። በየሁለት ቀኑ ገልጠው ሥር ያወጡትን ቆጥረው ያንሱ፤ የሻገቱትን ወዲያው ያስወግዱ።

መቼ ቆጠራውን እንደሚያቆሙ ማወቅ ያስፈልጋል። ለሰላጣ 7 ቀን፣ ለፎሶልያ 9፣ ለጥቅል ጎመን 10፣ ለሽንኩርት 12፣ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለካሮት 14፣ ለፐርስሊ ደግሞ 28 ቀን ይጠበቃል። ከ50ው 30 ከበቀለ 60 በመቶ ነው፤ ይህ ማለት ጥሩ ዘር ቢሆን ኖሮ ከሚዘሩት በ1.7 እጥፍ ያህል አብዝተው ይዘራሉ። ከ40 በመቶ በታች ሲሆን መጠኑን መጨመር ብዙም አያዋጣም፤ የበቀለውም ደካማ ስለሚሆን ሌላ ዘር መፈለግ ይበጃል።

ውኃ ላይ መንሳፈፍና መስጠም እንደ ፈተና ሲነገር ይሰማል። ጨርሶ ባዶ የሆነውን ፍሬ ለመለየት ያግዛል፤ ነገር ግን ደርቆ የተቀመጠ ጤነኛ ዘርም መጀመሪያ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሽሉ የሞተ ሙሉ ዘርም ይሰምጣል። በዚህ ብቻ ዘር አይጣልም።

መዘፍዘፍ በትክክል ምን ይጠቅማል?

ደረቅ ዘር ውኃ ሲነካው ብቅለቱ በሦስት ደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውኃውን በኃይል ይስባል፤ ይህን የሞተ ዘርም ያደርገዋል፣ ስለዚህ ማበጡ ብቻ የሕይወት ምልክት አይደለም። ቀጥሎ መሳቡ ይቆምና ውስጡ ሥራ ይጀመራል፦ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፣ የተጎዱ የሽሉ ክፍሎች ይጠገናሉ፣ የተከማቸው ስታርችና ዘይት መፍረስ ይጀምራል። በሦስተኛው ደረጃ ሥሩ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ይወጣል። መዘፍዘፍ የመጀመሪያውን ደረጃ ከአፈር ውጭ ያስጨርሳል። ቶሎ ለሚደርቅ አፈር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የሚጠይቀው ግን ኦክስጅን ነው። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ጥቂት በመሆኑ፣ ዘሩ ካበጠ በኋላ በውኃ ተውጦ ከቆየ ታፍኖ ይሞታል። ውኃው አረፋ ካወጣ ወይም ከሸተተ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። «አንድ ሌሊት ከጠቀመው ሁለት ቀን ይበልጥ ይጠቅመዋል» የሚለው ስሌት ብዙ ዘር ጨርሷል።

የትኛው ዘር ስንት ሰዓት ይዘፍዘፍ?

ውኃው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ፣ መጠኑ ከዘሩ ሦስት እጥፍ፣ ዕቃው ሰፊና ዝርግ ይሁን። ከ8 ሰዓት ለሚበልጥ ቆይታ ውኃው አንዴ ወይም ሁለቴ ይቀየራል።

- አተር፦ ከ6 እስከ 8 ሰዓት።
- ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ኪያር፦ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፤ አፈሩ ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ባይዘፈዘፉም ግድ የለም።
- ባሚያ፦ ከ12 እስከ 24 ሰዓት። ካላበጠ ቅርፊቱ ጠጣር ስለሆነ ወደ መፋቅ ይኬዳል።
- ፐርስሊ፦ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ ውኃው እየተቀየረ።
- አስፓራገስ፦ 24 ሰዓት ያህል።
- ድንብላል፦ አንዷ ክብ ፍሬ ሁለት ዘር የያዘች ናት። በዳቦ መዳመጫ ቀስ ብለው ተጭነው ለሁለት ከከፈሏት በኋላ አንድ ሌሊት ይዘፍዝፏት።
- ቀይ ሥርና ቆስጣ፦ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ዘፍዝፎ በሚፈስ ውኃ ማጠብ። ሻካራው ሽፋን ብቅለት የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው፤ የዘር ላቦራቶሪዎችም ቀይ ሥርን ከመፈተሻቸው በፊት የሚያጥቡት ለዚህ ነው። ቡናማ ሆኖ የወጣውን ውኃ ደፍተው በንጹህ ሲተኩት ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ሲጨርሱ በወንፊት አጥልለው፣ ጨርቅ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አናፍሰው፣ በዚያው ዕለት ይዝሩ። የሚዘራበት መሬት አስቀድሞ የረጠበ መሆን አለበት። ውኃ የጠጣ ዘር ደረቅ አፈር ውስጥ ሲገባ ውኃውን መልሶ ይነጠቃል፤ በዚህ መሀል ሥር ካወጣ ይሞታል።

ፎሶልያና ቦሎቄ ስዘፈዝፋቸው ተሰነጠቁ። ለምን?

ውኃ በጣም ፈጥኖ ስለገባ ነው። የፎሶልያ ቅርፊት ስስ ነው፤ በተለይ ሲወቃ የተጫረ ወይም እጅግ የደረቀ ከሆነ ውኃው በስንጥቁ እየገባ የውስጡን ክክ ያፈርጠዋል፣ ከተጎዱት ሴሎችም ስኳር ይፈስሳል። ይህ ስኳር አፈር ውስጥ ላሉ ፈንገሶች ግብዣ ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል፤ ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውኃም ሆነ አፈር ውስጥ የመጀመሪያውን ውኃ የጠጣ ፎሶልያ ቢበቅልም ጫፉ የተቆረጠ፣ ቅጠል አልባ ችግኝ ሊሆን ይችላል።

የሚሻለው ፎሶልያን ውኃ ውስጥ ሳያሰጥሙ በእርጥብ ጨርቅ መሀል ከ6 እስከ 12 ሰዓት ማቆየት ነው። እርጥበቱን ቀስ ብሎ ስለሚወስድ አይሰነጠቅም። አፈሩ ሞቆ ከረጠበ ደግሞ እንዲሁ ደረቁን መዝራት ከሁሉም ይቀላል።

የማይዘፈዘፍ ዘር አለ?

አለ። በሶብላና ተልባ ውኃ ሲነካቸው ዝልግልግ ሽፋን ያወጣሉ፤ እርስ በርስ ተጣብቀው መዝራት አይቻልም። በሸክላ መሰል ነገር ተለብጦ የተድቦለቦለ ዘር፣ ወይም በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የተቀባ ባለቀለም ዘር አይዘፈዘፍም፤ የመጀመሪያው ልባሱ ይፈርሳል፣ የሁለተኛው መድኃኒቱ ታጥቦ እጅዎ ላይና ውኃው ውስጥ ይቀራል። እንደ ፔቱንያና ቤጎንያ ያለው ዱቄት መሰል ዘርም ከረጠበ አይያዝም።

ቅርፊቱ ጠጣር መሆኑን እንዴት አውቃለሁ? እንዴትስ ይከፈታል?

ጥቂት ፍሬ ለ24 ሰዓት ዘፍዝፈው ይመልከቱ። ያበጠው ችግር የለበትም፤ እንደ ጠጠር ትንሽና ደረቅ ሆኖ የቀረው ውኃ አልገባውም። ከአንድ ከረጢት ውስጥ የተወሰነው አብጦ የተወሰነው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያበጠውን ለይተው ዘርተው የቀረውን ብቻ ማከም ይቻላል። ይህ ባሕርይ የሚገኘው በተወሰኑ የዕፅዋት ቤተሰቦች ነው፦ በአተርና በግራር ወገን፣ በባሚያና በሂቢስከስ ወገን፣ በንጋት አበባ ወገን፣ በጄራንየም ወገን፣ በካና አበባ ወገን። ከነዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ መፋቅ ልማድ መሆን የለበትም።

ለጥቂት ዘር ከሁሉ የሚመረጠው በእጅ መክፈት ነው። ትልልቁን በጥፍር መቁረጫ ጫፉን ቆንጠር ማድረግ ወይም በሞረድ መሞረድ፣ ትንንሹን በሁለት ብርጭቆ ወረቀት መሀል አድርጎ ማሸት። ቦታው ወሳኝ ነው። ዘሩ ከፍሬው ጋር ተያይዞ የነበረበት ጠባሳ አለ፤ የሽሉ ሥር በአብዛኛው ከዚያ አጠገብ ስለሚገኝ፣ የሚከፈተው በተቃራኒው ወገን ነው። ጥልቀቱም የቅርፊቱ ቀለም ተለውጦ ከሥሩ ነጣ ያለው ሲታይ ይበቃል። ካና የምትባለው አበባ ዘሯ ጥቁርና እንደ ብረት የጠነከረ ስለሆነ ይህን በጥሩ ሁኔታ ታሳያለች፦ ሞረዱ ለረጅም ጊዜ ጥቁር ዱቄት ብቻ ያወጣል፣ ከዚያ የስፌት መርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ትታያለች። እዚያ ላይ ይቆማል። የተፋቀው ዘር ከ6 እስከ 12 ሰዓት ሲዘፈዘፍ በግልጽ ያብጣል፤ ካላበጠ ቅርፊቱ አልተከፈተም ማለት ነው።

ለብዙ ዘር ሙቅ ውኃ ይሻላል። ውኃውን አፍልተው ከእሳት ያውርዱት፤ ወደ 85 ዲግሪ እስኪወርድ ጠብቀው ዘሩን ይጨምሩበት። ውኃው ከዘሩ ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን፣ አለዚያ ወዲያው ይቀዘቅዛል። እንዳለ ትተውት ይብረድ፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። በማግስቱ ያበጠውን ለቅመው ይዝሩ፤ ያላበጠውን አንዴ ይድገሙት። ሙቀቱ በቅርፊቱ ላይ ያለችውን ደካማ ቦታ ከፍቶ ውኃ መግቢያ ያበጃል። እሳት ላይ እንዳለ መቀቀል ግን ሽሉን ያበስለዋል።

ሰልፈሪክ አሲድ ይሻላል ይባላል፤ ልጠቀም?

በቤት ውስጥ አይሞከርም። የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ቆዳና ዓይን ያጠፋል፣ ውኃ ሲጨመርበት ፈልቶ ይረጫል። መከላከያ ልብስና የሠለጠነ ሰው ባለበት የችግኝ ጣቢያ ለብዙ ኪሎ ዘር የሚሠራበት ዘዴ ነው። ለጓሮ የሚሆነውን ያህል ዘር ጥፍር መቁረጫ ይጨርሰዋል።

ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት የሚያስፈልገው የትኛው ነው? አሠራሩስ?

ብርድ ያለው ወቅት ካለፈበት በኋላ ብቻ ወይም ያኔ በተሻለ ሁኔታ የሚበቅል ዘር ነው። የፖም፣ የኮክና የጽጌረዳ፣ ከአበቦችም የላቬንደርና የኤኪናሲያ ዘር ከዚህ ወገን ናቸው። ላቬንደርና ኤኪናሲያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ፖም ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ ኮክ ከ10 ሳምንት በላይ ይቆያል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ዘሩን በደረቁ ከነፖስታው ፍሪጅ ማስገባት ነው። ይህ ዘርን ለማቆየት ጥሩ ነው፣ እንቅልፉን ግን አይቀሰቅስም፤ ቅዝቃዜው የሚሠራው ውኃ በጠጣ ሽል ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ከዚያ አንድ እጅ ዘር ከሦስት እጅ ታጥቦ ከረጠበ አሸዋ ጋር ይደባለቃል። የአሸዋው እርጥበት ልክ የሚታወቀው በጭብጥ ነው፦ ሲጨብጡት ቅርጹን ይዞ ይቀራል፣ በጣቶችዎ መሀል ግን ውኃ አይወርድም። ላስቲክ ውስጥ ከተው፣ አየር እንዲገባ በመርፌ ጥቂት ቦታ በስተው፣ ስሙንና ቀኑን ጽፈው ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ባለው የፍሪጁ ክፍል ያስቀምጡት። የበረዶ ክፍል ውስጥ አይገባም። ውኃ የጠጣ ዘር በረዶ ከሠራ ሴሎቹ ይቀደዳሉ።

በየሳምንቱ ይከፈታል። ከደረቀ ውኃ ይረጭበታል፤ ከሻገተ ዘሩ ታጥቦ በአዲስ አሸዋ ይቀየራል፤ ነጭ ሥር ብቅ ካለ ቀኑ ባይሞላም ወጥቶ ይዘራል። ጊዜውን ጨርሶ ሲወጣ የሚጠብቀው አፈር ለብ ያለ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይሁን። ከፍሪጅ ወጥቶ በቀጥታ ከባድ ሙቀት ውስጥ የገባ ዘር እንደገና ሊተኛ ይችላል፤ ያኔ ቅዝቃዜው ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ሰላጣ በሞቃት ወቅት ለምን እምቢ ይላል?

አፈሩ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲደርስ የብዙ ሰላጣ ዝርያ ዘር ብቅለቱን ያቆማል። ክፋቱ፣ እርጥበትና ሙቀት አብረው ሲያገኙት ዘሩ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ሊገባና በኋላ ቢቀዘቅዝም ላይበቅል መቻሉ ነው። የሚወስኑት ውኃ ከጠጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ናቸው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ዘርተው ወዲያው ያጠጡ፤ ሌሊቱን በቅዝቃዜ ያሳልፈዋል። መደቡን በጆንያ ወይም በገለባ ያጥሉት፣ ሲበቅል ወዲያው ያንሱት። ሌላው መንገድ ዘሩን በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ቀን አቆይቶ መዝራት ነው።

ብርሃን የሚፈልግ ዘር አለ?

ሰላጣ፣ ሴለሪ፣ ፔቱንያና ቤጎንያ አፈር ላይ ተበትነው በጣት ተጫን ይደረጋሉ እንጂ በወፍራም አፈር አይሸፈኑም። በአሜሪካ ቤልትስቪል የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳሳዩት፣ የሰላጣ ዘርን ቀይ ብርሃን ያነቃዋል፣ ከቀይ ባሻገር ያለው ጥልቅ ቀይ ብርሃን መልሶ ያስተኛዋል፤ ሁለቱ ቢፈራረቁበት የሚታዘዘው ለመጨረሻው ነው። ቅጠል ሥር የሚደርሰው ብርሃን በጥልቅ ቀይ የበለጸገ ስለሆነ፣ ጥቅጥቅ ባለ ተክል ጥላ ሥር የተዘራ ሰላጣ ዝም ሊል ይችላል። የጆንያ ጥላ ይህ ችግር የለበትም።

ከበላሁት ፍሬ ያወጣሁትን ዘር እንዴት ላዘጋጅ?

የቲማቲም ዘር በዝልግልግ ከረጢት የተሸፈነ ነው፤ ፍሬው ውስጥ እንዳለ እንዳይበቅል የሚያግደውም እሱ ነው። ዘሩን ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ አድርገው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ቦታ ከ2 እስከ 3 ቀን ያብላሉት፣ በቀን አንዴ ያማስሉት። ላዩ ላይ አረፋና ሻጋታ ሲይዝ፣ ዘሩም ለስላሳነቱን አጥቶ ሲሻክር ደርሷል። ውኃ ጨምረው ሲያማስሉ ጥሩው ዘር ይሰምጣል፤ ተንሳፋፊውን ደፍተው፣ አጥበው፣ በሳህን ላይ በጥላ ያድርቁት። ወረቀት ላይ ካደረቁት ይጣበቃል። አራትና አምስት ቀን የቆየው እዚያው መጎንቆል ይጀምራል።

የፓፓያን ዘር የሸፈነውን ውኃ የቋጠረ ከረጢት በወንፊት ላይ አሽተው አፍርጠው ያስወግዱ፤ ካልወጣ ብቅለቱ ይጓተታል። ማንጎና አቮካዶ ግን ፈጽሞ ሌላ ናቸው፦ ዘራቸው ከደረቀ ይሞታል። በቀናት ውስጥ መተከል አለባቸው። የማንጎን የእንጨት ሽፋን በጠርዙ በኩል በጥንቃቄ ከፍተው ውስጡን ማውጣት ብቅለቱን ያፋጥናል፤ ሽሉ ቀጥ ብሎም ይወጣል።

በዘር የሚተላለፍ በሽታን ሙቅ ውኃ ያጠፋዋል?

በሽታው ዘሩ ውስጥ ከሆነ በቤት ውስጥ ካሉት ዘዴዎች የተሻለው ይህ ነው። የጎመን ጥቁር ብስብስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ቅርፊቱ ሥር ስለሚደበቅ ላዩን ማጠብ አይደርስበትም። ይህን ሕክምና ጠጣር ቅርፊት ለመክፈት ከሚደረገው የሙቅ ውኃ አሠራር ጋር አያምታቱት፤ እዚህ ሙቀቱ በእጅጉ ያነሰ፣ ልኬቱ ደግሞ ጥብቅ ነው።

ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም፣ ደበርጃንና ስፒናች በ50 ዲግሪ 25 ደቂቃ፤ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊና ካሮት በ50 ዲግሪ 20 ደቂቃ፤ ቃሪያ በ51 ተኩል ዲግሪ 30 ደቂቃ፤ ሰላጣና ሴለሪ በ48 ዲግሪ 30 ደቂቃ። አንድ ዲግሪ ሲጎድል ባክቴሪያው ይተርፋል፣ ሁለት ዲግሪ ሲያልፍ ዘሩ ይጎዳል። ስለዚህ አስተማማኝ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

አሠራሩ ይህ ነው። ዘሩን በስስ ጨርቅ ቋጥረው ግማሹን ባዶ ይተዉለት፤ እንዳይንሳፈፍ ንጹህ ጠጠር ወይም ማንኪያ አብረው ያስሩ። መጀመሪያ በ37 ዲግሪ ውኃ ለ10 ደቂቃ ያሙቁት፤ ይህ በዘሮቹ መሀል የተያዘውን አየር ያስወጣል፣ ዋናው ውኃም በድንገት እንዳይቀዘቅዝ ይከላከላል። ከዚያ በትልቅ ድስት ወዳዘጋጁት ውኃ ያዛውሩት፤ ቢያንስ አምስት ሊትር ከሆነ ሙቀቱ በቀላሉ አይዋዥቅም። ሳያቋርጡ ያማስሉ፤ ሲወርድ ሙቅ ውኃ በጥቂቱ ከቋጠሮው ራቅ አድርገው ይጨምሩ። ጊዜው እንዳለቀ ለ5 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፣ ከዚያ በስሱ በትነው በጥላ ያድርቁት።

አተር፣ ፎሶልያ፣ በቆሎ፣ ዱባና ኪያር ይህን አይችሉም። ያረጀ ዘርም በግማሹ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ሁሉንም ከማከምዎ በፊት 50 ፍሬ አክመው የብቅለት ፈተናውን ያካሂዱ።

በረኪናስ?

ላዩን ያጸዳል፣ ውስጡን አይነካም። አንድ እጅ የቤት በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ደባልቀው ዘሩን ለ10 ደቂቃ እያማሰሉ ያቆዩ፣ ከዚያ በሚፈስ ውኃ ለ5 ደቂቃ ያጥቡት። ውህዱ በዚያው ቀን የተዘጋጀ፣ በረኪናውም ሽታ ያልተጨመረበት ይሁን። ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ከተደባለቀ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ፕራይሚንግ የሚባለው ከመዘፍዘፍ በምን ይለያል?

ዘሩ የብቅለቱን ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም የውስጡን ሥራ፣ እንዲሠራ ይደረግና ሥሩ ከመውጣቱ በፊት ተቋርጦ መልሶ ይደርቃል። በኋላ ሲዘራ ፈጥኖና በአንድነት ይበቅላል። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲው ሃይዴከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ዘዴ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለውን ንጥረ ነገር ውኃ ውስጥ በማሟሟት ዘሩ የሚጠጣውን መጠን ይገድባል፤ የዘር ድርጅቶች ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

በቤት የሚቻለው በተራ ውኃ ነው። ለካሮት ወይም ለሽንኩርት፦ ዘሩን ይመዝኑ፣ በ20 ዲግሪ ውኃ ለ12 ሰዓት ይዘፍዝፉ፣ አጥልለው በወረቀት ላይ በስሱ ዘርግተው በጥላና በነፋስ ያድርቁ። 10 ግራም የነበረው ወደ 10 ግራም ሲመለስ ደርቋል። ሥሩ ብቅ ካለ ግን ማድረቁ ይቅር፤ ሥር ያወጣ ዘር ድርቀት የመቋቋም ችሎታውን አጥቷል። ፕራይም የተደረገ ዘር ዕድሜው ስለሚያጥር ለሚቀጥለው ዓመት አይቀመጥም፣ በሳምንት ውስጥ ቢዘራ ይመረጣል።

ፖታሲየም ናይትሬትና ጂብሬሊክ አሲድ ይረዳሉ?

የመጀመሪያው ለማዳበሪያም የሚውል ጨው፣ ሁለተኛው የዕፅዋት የእድገት ሆርሞን ነው፤ እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ዘር ይረዳሉ። ፖታሲየም ናይትሬት በሊትር ውኃ 2 ግራም ተሟሙቶ የፈተናው ወረቀት ይርጠብበታል፤ በቅርብ የተለቀመ የቃሪያና የደበርጃን ዘር ላይ ውጤቱ ይታያል። ጂብሬሊክ አሲድ በሊትር ግማሽ ግራም ነው፤ ዱቄቱ ውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ መጀመሪያ በጥቂት ጠብታ አልኮል ይፈታል። ከመጠን ካለፈ ችግኙ ቀጥኖ፣ ረዝሞ፣ ገርጥቶ ይወጣና ይወድቃል። በጠጣር ቅርፊት ላይ ሁለቱም ምንም አያደርጉም።

አጎንቁሎ መዝራትስ?

ውድ ወይም ጥቂት ዘር ሲሆን ከሁሉ ይመረጣል፤ የበቀለውን ብቻ ስለሚተክሉ ቦታና ዘር አይባክንም። ሥሩ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይተከላል። ከዚያ ካለፈ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና ሲነቀል ይሰበራል፤ ከተሰካካ ከነቁራጭ ወረቀቱ ይቀበር። በጣት ሳይሆን በረጠበ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ያንሱት፣ ሥሩን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡት።

ሁሉን አድርጌ ዘሩ በቀለ፣ ግን ወዲያው ወደቀ።

ግንዱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ከሆነ የወደቀው፣ ፒቲየም ወይም ራይዞክቶንያ የተባሉ የአፈር ተሕዋስያን ናቸው። ተቀድሞ በሚደረግ ሕክምና ብቻ አይገቱም። ዘሩ ከውፍረቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ከሚሆን ጥልቀት በላይ ሲቀበር፣ አፈሩ ሁልጊዜ ጨቅይቶ ሲቆይና ችግኙ ሲተፋፈን ይበረታሉ። ጠዋት ያጠጡ፣ ላዩ ጠፈፍ እስኪል ሳይደግሙ ይቆዩ፣ ሳሳ አድርገው ይዝሩ። አንድ ጥግ ላይ ከጀመረ የወደቁትን ከነአፈራቸው አውጥተው ይጣሉ፤ ለቀሩት ላስቲኩን ወይም ክዳኑን ከፍተው አየር ያስገቡላቸው።